ለኤፒ ባዮሎጂ አንድ ክረምት፦ የከፈልንበትና ያልከፈልንበት

ክረምት የምለው ልማድ ሆኖብኝ ነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ሐምሌ ላይ ጭቃም ጉምም የለም። ያለው የመኪና መሪ የማያስጨብጥ ሙቀት ነው። ቢሆንም ትምህርት ቤት ከተዘጋ ለእኔ ክረምት ነው። የዘንድሮውን ክረምት ደግሞ ኤፒ ባዮሎጂ በላው።

ልጄ ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ሰኔ ላይ የምትወስዳቸውን ኮርሶች ዝርዝር ይዛ መጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዕድሩ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው፣ ጸጉር ቤት ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አማካሪዬ ሆነ። «ክረምቱን ካልተዘጋጀች አለቀላት» ያላለኝ የለም። እኔም ያበሻ አባት ነኝ። ደነገጥኩና ከፈልኩ። ምን እንዳገኘሁበት፣ ሳልከፍልስ ምን እንዳገኘሁ ልንገራችሁ። በሚቀጥለው ሰኔ እንደኔ የሚደነግጥ ሰው አይጠፋም።

ለማያውቅ ባጭሩ፦ ኤፒ ሃይስኩል እያሉ የሚወሰድ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ ነው። ኮርሱንም ፈተናውንም የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ነው። ፈተናው ሜይ ላይ ይሰጣል፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። ጥሩ ውጤት ላመጣ ልጅ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ክሬዲት ይሰጣሉ፤ ያ ማለት ብር ነው። የባዮሎጂው ፈተና ሦስት ሰዓት ይፈጃል። አንድ ሰዓት ተኩሉ 60 የምርጫ ጥያቄ ነው፤ እኛ «ቹዝ» የምንለው። ሌላው አንድ ሰዓት ተኩል ስድስት የጽሑፍ ጥያቄ ነው። ሁለቱም እኩል ግማሽ ግማሽ ይይዛሉ። ይቺን እኩል ግማሽ የምትለውን ያዙልኝ።

ስለ ራሴም ትንሽ ልበል። አሁን ታክሲ ነው የምነዳው። በፊት ግን ደሴ ውስጥ ስምንት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። የድሮ ተማሪዎቼ እስከ ዛሬ በስልክ «ቲቸር» ነው የሚሉኝ። ስለዚህ የተነሳሁት በሙሉ ልብ ነበር። ባዮሎጂ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ክፍያውን ደግሞ ለእርግጠኝነት ነው ብዬ።

መጀመሪያ የከፈልኩበትን ላውራ። በኢንተርኔት የሚሰጥ የክረምት ትምህርት ነው። ስሙን አልጠራም። የሚያስተምሩት ገና ኮሌጅ ያልጨረሱ ምስኪን ልጆች ናቸው፤ እንጀራቸውን መንካት አልፈልግም። ዋጋው 780 ዶላር። አራት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት። ስታካፍሉት በሰዓት 32 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ይሄ ስንት ጊዜ አየር ማረፊያ ደርሶ መመለስ እንደሆነ የሥራ ባልደረቦቼ ያውቁታል።

ኮርሱ ስምንት ምዕራፍ አለው። ከሕይወት ኬሚስትሪ ይነሳል፤ በሴል፣ በኃይል፣ በሴሎች ግንኙነት፣ በዘር ውርስ፣ በጂን፣ በናቹራል ሴሌክሽን አልፎ ኢኮሎጂ ላይ ያበቃል። እነዚህ ሰዎች ስምንቱንም በ12 ክፍለ ጊዜ ጨረሱት። ለአንድ ምዕራፍ አንድ ተኩል ክፍለ ጊዜ ማለት ነው። ስላይዱ እንደ ባቡር ያልፋል። ተማሪዎቹ 26 ናቸው፤ የሁሉም ካሜራ ጥቁር ነው። አንድ ቀን ገባ ስል ልጄ ጸጉሯን ትሠራለች። «እየሰማሁ ነው አባዬ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ትሰማለች። እኔም ስነዳ ሬዲዮ እሰማለሁ።

ዓርብ ዓርብ ፈተና አለ። ቹዝ ብቻ ነው፤ የሚጠይቀውም የቃላት ፍቺ ነው። ሚቶኮንድሪያ ምንድነው? ራይቦዞም ምን ይሠራል? ልጄ ዘጠና ስንት፣ ዘጠና ስንት እያመጣች ደስ አለኝ። ለእናቷም ጉራዬን ነዛሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ለሙከራ ያህል ከድሮ ፈተናዎች አንዱን የጽሑፍ ጥያቄ አትሜ ሰጠኋት። ኮሌጅ ቦርድ ያለፉትን ዓመታት የጽሑፍ ጥያቄዎች ከነአስተራረማቸው ድረ ገጹ ላይ በነፃ አስቀምጧል። ጥያቄው ግራፍ አለው። ግራፉን አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። የምትጽፈው አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበራትም። ያ ሁሉ ዘጠና ለቹዙ ነበር። የፈተናው ግማሽ ገና አልተነካም።

ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ በጣም ትሁት ናት፤ እሱን አልክድም። ልጄ ሁለት ጊዜ የጽሑፍ መልስ ልካ «ጎበዝ!» ከምትል ቃል በቀር ምንም እንዳልተመለሰላት ነገርኳት። የጽሑፍ መልስ ማረም እኛ በገዛነው ፓኬጅ ውስጥ የለም አለችኝ። ያለበት ፓኬጅ 1,200 ዶላር ነው። አመሰገንኩና ዘጋሁ።

ክፉውን ብቻ አላወራም። አንድ ቀን፣ አንዱ ልጅ የሴሎችን ግንኙነት ያስተማረበት መንገድ ድንቅ ነበር። መልእክት የሚያመጣው ሞለኪውል ብዙ ጊዜ ሴሉ ውስጥ አይገባም። ደጅ ቆሞ ደወል እንደሚነካ እንግዳ ነው አለ። እኔ ማታ ቡና ጨመርኩበት፦ እንግዳው ገና ደጅ ነው፤ ልጅ ለእናት ይነግራል፣ እናት ጓዳ ትነግራለች፣ ጀበናው ተጣደ። ልጄ ይቺን እስከ ዛሬ አልረሳቻትም። ሌላም ጥቅም ነበረው፤ በክረምት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አልጋ የሚያስለቅቃት ነገር አግኝተናል። ሁለት ሥራ ለሚሠራና ቀን ቤት ለማይገኝ ወላጅ፣ ብቻውን ለማይቀመጥ ልጅ፣ ከምንም ይሻላል። እኔ ግን ከአምስት ሁለት ነው የምሰጠው። አንዱ ለደወሉ፣ አንዱ ለሦስት ሰዓቱ።

ከዚያ ወደ ነፃው ዞርን። ካን አካዳሚን የማያውቅ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ሳልማን ካን ዘመዱን በርቀት ሒሳብ ሲያስጠና ጀምሮት፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ሆኖ የተቋቋመ ነው። የኤፒ ባዮሎጂው ክፍል የኮሌጅ ቦርድን ምዕራፎች ተከትሎ ነው የተደራጀው። አጭር ቪዲዮ አለ፣ የሚነበብ አለ፣ መለማመጃ አለ። የወደድኩት መለማመጃውን ነው። ስትሳሳት ለምን እንደተሳሳትክ ይነግርሃል፤ «ጎበዝ» ብሎ አያልፍህም። ዋጋው ዜሮ፣ ማስታወቂያም የለው።

ነፃ ነገር ግን አያያዙን ካላወቁበት ይባክናል። ልጄ የመጀመሪያውን ሳምንት ፊልም አደረገችው። አልጋ ላይ ተጋድማ፣ በእጥፍ ፍጥነት፣ እንደ ተከታታይ ድራማ። «ስድስት ቪዲዮ ጨረስኩ!» ትለኛለች። «ከስድስቱ አንዱን ንገሪኝ» ስላት ጸጥ። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። አንድ ቪዲዮ፣ ከዚያ ስክሪኑ ይዘጋል፤ ደብተርና እርሳስ ይወጣል፤ ያየሽውን ሳይታይ ሳዪው። በቃል ሳይሆን በሥዕል። የሴል ሽፋን፣ የውሃ ሞለኪውሎች በሃይድሮጅን ቦንድ ሲያያዙ፣ ኢንዛይም ሙቀት ሲበዛበት ቅርጹ ሲበላሽ። መጀመሪያ ላይ አኮረፈች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ያልገባት ቦታ ስትደርስ እርሳሱ ራሱ እንደሚቆም አየች። ከዚያ ወዲህ እኔ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ስምንቱንም ምዕራፍ አላስነካኋትም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ብቻ፦ ኬሚስትሪው፣ ሴሉ፣ ኃይሉ። የቀረው የቆመው በእነሱ ላይ ነው። ፕሮቲን እንዴት እንደሚታጠፍ ያልገባው ልጅ ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ የዲኤንኤ ፊደል ሲለወጥ ለምን በሽታ እንደሚመጣ አይገባውም። መጽሐፍም አልገዛሁም። ራይስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ኦፕንስታክስ ለኤፒ ተማሪዎች የሚሆን ሙሉ የባዮሎጂ መጽሐፍ በነፃ ያስወርዳል። የመለማመጃ መጽሐፍ ከፈለጋችሁ ቤተ መጻሕፍት አለ። ከቤታችን በእግር የሚደረስ ነው፤ ኤሲውም ከእኛ ቤት ይሻላል።

አሁን ቲቸሩ የተዋረደበትን ልንገራችሁ። ደሴ እያለሁ ክሬብስ ሳይክልን፣ ሴል ከምግብ ኃይል የሚያወጣበትን የኬሚካል ዑደት፣ በቃሉ ያልያዘ ተማሪ ከእኔ ክፍል አያልፍም ነበር። ሲትሬት፣ አይሶሲትሬት፣ አልፋ ኪቶግሉታሬት እያልኩ እንደ ዳዊት ነበር የማስደግማቸው። ልጄንም ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ አምስት ቀን አስደገምኳት። በስድስተኛው ቀን ስልኳን ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ይሄ አይጠየቅም።» የኮሌጅ ቦርድን የኮርስ መግለጫ ከፍታዋለች። እውነትም፣ የእርምጃዎቹ ስም፣ የኢንዛይሞቹ ስም፣ በመሃል የሚፈጠሩት ነገሮች ስም ከፈተናው ውጪ ናቸው ይላል።

ያን መግለጫ እኔ ሰኔ ላይ ማንበብ ነበረብኝ። ነፃ ነው። ኮርሱ ከ2012-13 እ.ኤ.አ. የትምህርት ዓመት ጀምሮ ከሽምደዳ ወደ ማገናዘብ ዞሯል። እኔ የማስተምረው የድሮውን ነበር። አሁን የሚፈልጉት ሌላ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ወዴት ይሄዳሉ? ፕሮቶኖቹ ለምን ባንድ በኩል ይከማቻሉ? የሚቶኮንድሪያው የውስጥ ሽፋን ፕሮቶን ቢያሾልክ ኤቲፒ፣ ሴሉ የሚጠቀምበት የኃይል ሞለኪውል፣ ምን ይሆናል? ይሄኛውን ጥያቄ ለደሴ ተማሪዎቼ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። የደገሙትን ሁሉ ደግመው፣ ይቺን ቢጠየቁ ስንቱ ይመልስ ነበር? መኪና ውስጥ ብዙ አሰብኩበት። የሆነው ሆኖ ይቅር በሉኝ።

የትምህርት ቤቷ የኤፒ ባዮሎጂ አስተማሪም፣ ምን እናዘጋጅ ብዬ ለጻፍኩላቸው፣ በሁለት መስመር መልሰውልኝ ነበር፦ ግራፍ ማንበብ ትልመድ፣ መሠረታዊ ኬሚስትሪዋን ትከልስ፣ ትረፍ። መልሱ የመጣው ከከፈልኩ ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

ስለዚህ የነሐሴው ትምህርት ወጥ ቤት ገባ። ክረምቱን ሙሉ ካደረግነው ሁሉ ለዚህ ነው አምስት ከአምስት የምሰጠው።

የመጀመሪያው ድንች ነው። ስኳር ላይ የተመሠረተ የድሮ ሙከራ ነው፤ ቤት ውስጥ እንደሚሠራ ግን አስቤው አላውቅም። የሻይ ስኳር ሱክሮዝ ነው። 68 ግራም ስኳር፣ ውሃ ተጨምሮበት 200 ሚሊ ሊትር ሲሞላ፣ 1 ሞላር ይሆናል፤ ሞላር ስኳሩ በውሃው ውስጥ ምን ያህል እንደበዛ መለኪያ ነው። ከእሱ ወደ ታች እየቀነስን አምስት ብርጭቆ አዘጋጀን፤ ስድስተኛው ውሃ ብቻ። ድንቹን እንደ ጥብስ ቆራርጠን በእናቷ የበርበሬ ሚዛን መዘንን፤ ሌሊቱን አሳደርነው፤ ጠዋት መዘንነው። ውሃ ውስጥ ያደረው ወፍሯል፣ ጠንክሯል፣ ሲሰበር ቀጭ ይላል። ብዙ ስኳር ውስጥ ያደረው እንደ ገመድ ይጣጠፋል። ልጄ በጣቷ እያጣጠፈች ሳቀች። ኦስሞሲስን፣ ውሃ በሴል ሽፋን አልፎ ስኳር ወደበዛበት መሄዱን፣ በቪዲዮ ሦስት ጊዜ አይታው ነበር፤ በጣቷ ግን የዚያን ቀን ነው ያገኘችው።

የመጀመሪያው ቀን ቁጥር አንዱ ላይ ሌላው ታች ነበር። አንዱን ድንች በወረቀት አድርቃው፣ ሌላውን ከነውሃው መዝና ነው። ደገምነው፤ ለየብርጭቆው ሦስት ሦስት ድንች። ኤረር ባር የሚባለው፣ ልኬቶቹ ምን ያህል እንደሚለያዩ ግራፍ ላይ የሚያሳየው መስመር፣ የገባት ያኔ ነው። የራሷ ድንቾች ስላልተስማሙ። በጽሑፉ ፈተና ላይ ግራፍ የሚያሠራ ጥያቄ አለ፤ ዘንጎቹ ላይ ስምና መለኪያ ካልጻፍክ ነጥብ ይሄዳል፤ ኤረር ባሮቹ ከተደራረቡ ደግሞ «ልዩነት አለ» ብለህ መደምደም አትችልም። ይሄንን በስላይድ ሰምታው ነበር። በድንች ግን አመነችው።

የድንቹን የክብደት ለውጥ የሚያሳየው ግራፋችን ዜሮን ያቋረጠው 0.3 ሞላር አካባቢ ነው። ማለት እዚያ ላይ ድንቹ ውሃ አይስብም፣ አይሰጥም። የውሃ አቅም የሚባለውን፣ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረውን ቁጥር፣ የሚያሰላውን ቀመር ለመሸምደድ አልደከምንም፤ ፈተናው ላይ የቀመር ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ ካልኩሌተርም ይፈቀዳል። ብቻ ቁጥሮቹን አስገብታ በ22 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ −7.4 ባር አገኘች። የውሃ አቅም የሚባለው ቁጥር ለምን ከዜሮ በታች እንደሚሆን ለእናቷ ስታስረዳ ሰማኋት። በግማሽ አማርኛ፣ በግማሽ እንግሊዝኛ። እናቷ «ድንቹን ልጥለው ወይስ ይበላል?» አለች።

ሁለተኛው ሊጥ ነው። እዚህ ላይ ነው ቤት ውስጥ ጠብ የተነሳው። አራት ጠርሙስ፣ በየጠርሙሱ የጤፍ ሊጥ፣ በየአፉ ፊኛ። አንዱ እርሾ ያለበት ጠረጴዛ ላይ። አንዱ እርሾ ያለበት ፍሪጅ ውስጥ። አንዱ እርሾው በደንብ ተፍልቶ የገባበት። አንዱ ያለ ምንም እርሾ። «የጤፍ ዋጋ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ ወይ?» አለች እናቷ። አውቃለሁ አልኳት። «ታዲያ በፊኛ ትጫወትበታለህ?»

በማግስቱ ጠረጴዛ ላይ ያለው ፊኛ ቀና ብሏል። የፍሪጁ ተኝቷል። የተፈላበትም፣ እርሾ የሌለውም ተኝተዋል። ልጄ ደስ ብሏት ጻፈች፦ ጋዝ የሚያወጣው እርሾው ነው፤ እርሾ ከሌለ ጋዝ የለም። ጥሩ፣ ንጹሕ መደምደሚያ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን እርሾ የሌለው ፊኛ ቀስ እያለ ተነሳ። የተፈላውም ተከተለው።

ብስጭቷን ብታዩት! ሙከራው የተበላሸ መሰላት። «ባዶው ለምን ተነሳ?» እናቷ ከምጣዱ ጋር ሆና መለሰች፦ «እርሾ ባይኖርሽም እኮ ሊጡ ይቦካል፤ ይዘገያል እንጂ።» ይኸው ነው መልሱ። ዱቄቱ ራሱ ከማሳ ጀምሮ ይዟቸው የመጣ ባክቴሪያና የዱር ይስት (ረቂቅ ፈንገስ) አለው። እርሾ የምንጨምረው ቁጥራቸውን ለማብዛት፣ ቶሎ እንዲደርስ ነው። ልጄ ዓረፍተ ነገሯን ሰርዛ እንደገና ጻፈች። አሁን «እርሾ ከሌለ ጋዝ የለም» አይልም፤ «እርሾ ሲኖር ጋዙ ቶሎ ይመጣል» ይላል። ለአንድ ቃል ይህን ያህል ስትጠነቀቅ አይቻት አላውቅም። ደግሞ ሌላ ጥያቄ ራሷ አመጣች፦ ፊኛው ስለተነፋ ብቻ ኦክስጅን የሚጠቀም ሂደት ይሁን የማይጠቀም በምን ይታወቃል? ካርቦን ዳይኦክሳይድ እኮ ሁለቱም ያወጣሉ። እኔ ቲቸሩ መልስ ከመስጠቴ በፊት ሻይ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።

ሒሳቡንም ነካ አድርገናል። ካይ ስኩዌር የሚባለው፣ ያገኘነው ቁጥር ከጠበቅነው የራቀው በአጋጣሚ መሆን አለመሆኑን የሚመዝነው ስሌት፣ ያስፈራል፤ በሳንቲም ግን ቀላል ነው። 100 ጊዜ ወረወርን፤ ዘውድ 58፣ ጎፈር 42። ሲሰላ 2.56 መጣ፤ «በአጋጣሚ አይደለም» ለማለት ማለፍ ያለበት መስመር 3.84 ነው። ስለዚህ ሳንቲሙን ሌባ ብለን መክሰስ አንችልም። ግማሽ ሰዓት ፈጀብን።

አንድ ማታ ደግሞ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳየኋት። በኢትዮጵያ ደጋ ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚኖሩ አማሮች ላይ የተሠራ ነው። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ኦክስጅን ሲያንስባቸው ሄሞግሎቢናቸው፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ ከፍ ይላል። የእኛዎቹ ግን ዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። ተመሳሳይ ችግር፣ የተለያየ መፍትሔ። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ገና አልደረስንም ነበር፤ ሕጌን ራሴ አፈረስኩ። ልጄ ቁጥሮቹን ቁልቁል አየች፣ አየች። «እነዚህ የአያቴ አገር ሰዎች ናቸው?» አለች። ናቸው አልኳት። ያን ማታ ተከታዩን ጥያቄ ያተምኩላት እኔ አልነበርኩም።

ወጪው ይኸው፦ ድንች፣ ስኳር፣ ፊኛ፣ ደብተር፣ ሁሉም ተደምሮ 20 ዶላር አይሞላም። ጤፉን አልቆጠርኩም። እንዳልቆጥር ተመክሬያለሁ።

ትላንት ከክረምቱ ትምህርት ቤት መልእክት መጣ። ለመኸር ወቅት ለነባር ደንበኞች 20 በመቶ ቅናሽ አለ ይላል። ለእናቷ አሳየኋት። ከሊጡ እቃ ቀና ሳትል፣ «በዚያ ብር የበላኸኝን ጤፍ ግዛልኝ» አለች።